ካልተጻፈ አልተሠራም

ነርስ ስለነበርኩ ከእኔ የምትጠብቁት ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ይሆናል። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ልጄ ደብተር ነው። ባለፈው ክረምት ያ ደብተር የብዙ ሕሙማንን የላቦራቶሪ ውጤት ከመጥፋት አዳነ። እኔም ስለ ልጄ የነበረኝን ሐሳብ አስቀየረኝ።

ልጄ ድረ ገጽ ይሠራል። ቢሮ የለውም፤ ቢሮው እኔ ቤት ያለችው ትንሿ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ የሚጠቀምበት ባትሪ፣ ከአጠገቡ ደግሞ ጠርዙ የተበላ ባለ መስመር ደብተር አለው። ሦስት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ሥራ የፈታ ልጅ ነበር የሚመስለኝ። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ እሱ ተኝቷል፤ ሰው ሲተኛ እሱ ተነሥቶ ማሽን ላይ ተጥዷል። "አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ልታጠፋው ነው! ምናለ እንደ ሰው ሥራ ብትይዝ?" እለዋለሁ። "እማዬ፣ ሥራ ላይ እኮ ነኝ" ይለኛል። አላምነውም። ጎረቤት "ልጅሽ ምን ይሠራል?" ብሎ ሲጠይቀኝም "ያው የኮምፒዩተር ነገር" ብዬ ወሬውን እቀይራለሁ።

ያመንኩት ሲታመም ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ "እማዬ፣ ሆዴን" ብሎ ቀሰቀሰኝ። ከማታ ጀምሮ እምብርቱ ዙሪያ ሲያመው ቆይቶ ሕመሙ ወደ ቀኝ የሆዱ ግርጌ ወርዷል። ምግብ አስጠልቶታል፤ አንዴም አስመልሶታል። አስተኝቼ ቦታውን በቀስታ ጫን አድርጌ እጄን ሳነሣ ከአልጋው ዘለለ። በ37 ዓመት ሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ፤ ትርፍ አንጀት መሆኑን ጠረጠርኩ። ሳይነጋ ሆስፒታል ደረስን፤ ሐኪሙም ያንኑ አለ። ረፋዱ ላይ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ በሰላምም ወጣ።

ገና ከማደንዘዣው በደንብ ሳይነቃ እህቱን አጠገቡ ትቼ ጋቢና ልብስ ላመጣለት ወደ ቤት ተመለስኩ። ስልኩ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ በር ስከፍት ጮኸ። የሥራ ባልደረባው ነው፤ አዳማ ነው የሚኖረው።

"ማዘር፣ እሱ የለም እንዴ? የክሊኒኩ ገጽ ከጠዋት ጀምሮ አዲስ ቀጠሮ አልመዘግብም ብሏል።"

ክሊኒኩ እርጉዝ እናቶች፣ የስኳርና የግፊት ሕሙማን ክትትል የሚያደርጉበት ነው። ቀጠሮ የሚያዘውም፣ የላቦራቶሪ ውጤት የሚታየውም በዚያ ገጽ ነው። ልጄ ኦፕራሲዮን መሆኑን ስነግረው ደነገጠ፤ እግዜር ይማረው አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ "ማዘር፣ አንድ ደብተር አለው። እባክዎ እሱን ያገኙልኝ" አለኝ።

ደብተሩን ከፈትኩት። ውድ አንባብያን፣ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሥራ ፈት ያልኩት ልጅ የጻፈውን ያወቅኩት ገና ሳላነበው ነው፤ የበሽተኛ ቻርት ነበር። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ታየ፣ ምን ተደረገ፣ ምን ይቀራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሞላሁት ወረቀት ነው። አንዱ እንዲህ ይላል፦

"ሰኔ 27። ከሌሊቱ 8፡10፤ በሰርቨሩ ሰዓት 23፡10። ዲስኩ 91 በመቶ ሞልቷል። ምክንያቱ ሎግ። ያረጀውን አጥፍቼ ወደ 70 ወረደ። በየሳምንቱ ራሱን እንዲያጸዳ ማድረግ ይቀራል።"

ቀጥሎ ደግሞ፦ "ሰኔ 30። የሐኪሞቹ ፎቶ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ነበር። ወደ 200 ኪሎባይት አሳነስኩት። አሁን በስልክ ቶሎ ይከፈታል፤ የሰውን ካርድም አይጨርስም።"

ባልደረባው በስልክ "ዲስኩ መቶ በመቶ ሞልቷል፤ ለዚህ ነው የማይመዘግበው። አንድ ትልቅ ፎልደር አለ፣ ስሙ 'አሮጌ' ይላል። እሱን ባጠፋው ቦታ ይለቃል፤ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር አለ?" አለኝ። ገጹን ገለጥኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፦

"'አሮጌ' የሚለውን ፎልደር አትንካ። ስሙ ነው እንጂ አሮጌ አይደለም። የላቦራቶሪ ውጤቶቹ አሁንም የሚነበቡት ከዚህ ነው። ቅጂ ገና አልተወሰደላቸውም። ዲስክ ከሞላ፦ አንደኛ፣ ያረጀውን ሎግ ብቻ አጥፋ። ሁለተኛ፣ ዳታቤዙን እንደገና አስነሣ። ሦስተኛ፣ አንድ የሙከራ ቀጠሮ ያዝ። አራተኛ፣ የሙከራውን ሰርዝ።"

ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ። "ማዘር" አለኝ በመጨረሻ፣ "እጄ ላዩ ላይ ነበር።"

ከዚያ በኋላ እኔና እሱ እንደ አንድ ዋርድ ሠራተኞች ሆንን። ነርስ በስልክ ትእዛዝ ስትቀበል የሰማችውን መልሳ ታነባለች፤ ልማዴ ነውና እያንዳንዱን እርምጃ እያነበብኩ፣ እሱም እየደገመልኝ፣ አንድ በአንድ ሄድን። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። የሙከራው ቀጠሮ ተያዘ፤ ተሰረዘ። ሊዘጋ ሲል "ማዘር፣ ደብተሩ ላይ ይጻፉልኝ" አለኝ። እኔም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደተደረገና ማን እንዳደረገው ጻፍኩ። ከሥሩም በድሮው ልማዴ "ሲ/ር" ብዬ ፈረምኩ።

ያን ቀን ማታ በልጄ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ የጀመርኩት በ1976 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ውጭ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ፣ አንድ ማታ ተረኝነቴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ኦፕራሲዮን ለተደረገ አንድ አባት የሕመም ማስታገሻ ፔቲዲን ወጋሁ። ቻርቱ ላይ ልጽፍ እስክሪብቶዬን ሳነሣ ሌላ ድንገተኛ በሽተኛ መጣ። እሱን ስንረዳ ሰዓቱ ደረሰ፤ ጓደኛዬ ተረከበችኝ፤ ሄድኩ። ማደሪያችን በር ላይ ስደርስ ያልጻፍኩት ትዝ አለኝ። ሮጬ ተመለስኩ። ጓደኛዬ ሰውየው ሲያቃስት ሰምታ፣ ቻርቱን አይታ፣ ምንም ስላልተጻፈ ያንኑ መድኃኒት ደግማ ወግታዋለች። የእኔው ገና አልያዘውም ነበር።

ፔቲዲን ሲበዛ ትንፋሽ ያዳክማል። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው፤ የእሳቸው ወደ 8 ወረደ። ተረኛውን ሐኪም ጠራን። ሁለታችን በአልጋቸው ግራና ቀኝ ቆመን እስኪነጋ ድረስ "አባባ፣ ይተንፍሱ! አባባ፣ ይተንፍሱ!" እያልን ትንፋሽ ስንቆጥር አደርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። ጠዋት ለዋርዱ ኃላፊ ጥፋቴን ስናገር አልጮኸችብኝም። "መውጋትሽን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቻርቱ ግን አያውቅም። ካልተጻፈ አልተሠራም" ብቻ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልጽፍ ከበሽተኛ አጠገብ ሄጄ አላውቅም።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው ስለ ነርስነት በሚናገረው መጽሐፏ ውስጥ አንድ ምዕራፍ የሰጠችው ለዚህ ነገር ነው። ትልቁ ጥያቄ አንቺ ቆመሽ ሳለሽ የምትሠሪው አይደለም፤ አንቺ በሌለሽበት ሰዓት ያው ነገር እንዲሠራ ምን አድርገሻል ነው ትላለች በሐሳብዋ። ለልጄ ይህን ስነግረው ሳቀና የሱን ሙያ ታሪክ ነገረኝ። ቲም በርነርስ ሊ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በሚባለው የምርምር ተቋም ሳለ፣ ዛሬ ድረ ገጽ የምንለውን ነገር ሐሳብ ለአለቆቹ ያቀረበው በዚሁ ችግር ተነሥቶ ነው። ተመራማሪዎች ይመጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ይሄዳሉ፤ ያወቁትም አብሯቸው ይሄዳል። ያ እንዳይጠፋ የሚያያይዝ መዝገብ ነው የፈለገው። እኛ አገርስ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይባል የለ?

ልጄ ቤት ተኝቶ ባገገመበት ሁለት ሳምንት አጥሚት እያጠጣሁት ሥራውን ጠየቅኩት። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው። ያስረዳኝን በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ የእናንተም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በዚህ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሰርቨር ማለት ሌሊትና ቀን የማይጠፋ ኮምፒዩተር ነው። የክሊኒኩ ገጽ ያለበት ሰርቨር ጀርመን አገር በኪራይ የተያዘ ነው፤ ልጄ እዚህ ጓዳ ተቀምጦ ነው የሚያክመው። ሎግ የሚሉት ደግሞ የሆስፒታል በር ላይ ዘበኛው የሚሞላው መዝገብ ዓይነት ነው፦ ማን መጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ጠየቀ። ሰው በመጣ ቁጥር መስመር ይጨመራል። ያረጀውን የሚያነሣ ከሌለ መዝገቡ ቤቱን ይሞላና ለበሽተኛው ካርድ ማስቀመጫ ይጠፋል። በዚያች ጠዋት የሆነው ይኸው ነው።

ገጹ ሲከፈት ላዩ ላይ የምትታየው የቁልፍ ምልክት በሰርተፍኬት የምትሠራ ናት። ልጄ የሚጠቀምበት ሰርተፍኬት ዕድሜው 90 ቀን ነው፤ ካልታደሰ ስልካችሁ "ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም" ብሎ ያስጠነቅቃል። እኛም የሙያ ፈቃድ እናሳድስ የለ? ደብተሩ ላይ የሚታደስባቸው ቀኖች ተከታትለው ተጽፈዋል።

የገረመኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ ያ ከአገራችን በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንጀምረው ከንጋት ነው። ስለዚህ ለእኛ ከሌሊቱ 8፡10 ሲሆን ፈረንጆቹ 2፡10 ይላሉ፤ ሰርቨሩ ደግሞ ገና ትናንት ላይ ነው፣ 23፡10 ይላል። ለዚህ ነው ሁለቱንም የሚጽፈው። አንድ ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ "ቀጠሮ '3፡00' ብቻ እያለ ነበር የሚላከው። 'ጠዋት 3 ሰዓት' በሚል ቀየርኩት።" ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኩት። አሜሪካ ያለች ልጅ እዚህ ላሉት እናቷ ቀጠሮ አስያዘች፤ 3፡00 የሚለውን እንደ እነሱ አገር ከሰዓት በኋላ መሰላት። እናቲቱ 9 ሰዓት ላይ ሲደርሱ ሐኪማቸው ወጥቷል። አንዲት ቃል ስለጎደለች አንዲት እናት ተመላለሱ። በሥራዬ ዘመን መድኃኒት ላይም ይኸው ሲሆን አይቻለሁ፤ "በ2 ሰዓት ይውሰዱ" ሲባሉ በየሁለት ሰዓቱ የሚመስላቸው ነበሩ።

ሌላም አለ። "ጸሀይ" ተብሎ የተመዘገበ ሰው "ፀሐይ" ተብሎ ሲፈለግ ገጹ የለም ይል ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለማሽኑ የማይተዋወቁ ናቸው። ልጄ ሲፈለጉ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ አደረገ። ይህን ለማድረግ ሁለት ሌሊት አድሯል። እኔ በእነዚያ ሌሊቶች በሩን ከፍቼ "ተኛ!" ብዬ እየጮህኩ ነበር።

ነገር ግን ልጄን ለማሞገስ ብቻ አይደለም የምጽፈው። ሰኔ 27 ላይ "ማድረግ ይቀራል" ያለውን አስታውሳችሁታል? አላደረገውም ነበር። ዲስኩ ዳግመኛ የሞላው ለዚህ ነው። የላቦራቶሪ ውጤቶቹንም ቅጂ ሳይወስድ አቆይቷል። ይህን ስጠቅስለት አንገቱን ደፋ። "እማዬ፣ ስለጻፍኩት የሠራሁት መሰለኝ" አለኝ። መጻፍ ሥራውን አይተካም፤ ግን ያልተሠራው እንዳይደበቅ ያደርጋል። ካልጋ ሲነሣ መጀመሪያ የሠራው እነዚያን ሁለቱን ነው። ስለ ቅጂ የሚከተሉት ደንብም ለእኛም የሚሆን ነው፦ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂም እንደሌለ ይቆጠራል። በየጠዋቱ የኦክስጅን ሲሊንደር እየከፈትን የምንሞክረው በሽተኛ ሳይመጣ በፊት አልነበር?

እንግዲህ እኛ ወላጆችና አያቶች ከዚህ ምን እንውሰድ? እኔ ቤት ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

አንድ የቤት ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምወስደው መድኃኒት ስም፣ በስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ ጠዋት ወይም ማታ እንደምወስደው ተጽፏል። ሰዓቱን ብቻ አልጻፍኩም፤ ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ። የማይስማማኝ መድኃኒት በቀይ ተጽፏል። ግፊቴን ስለካ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ሐኪሜ ዘንድ ስሄድ ደብተሩ ይናገርልኛል።

ሁለተኛው ገጽ ላይ የቤት ነገር አለ። የካርታው ዋናው ቅጂ የት እንዳለ፣ የዕድር ደብተር፣ የጡረታ ወረቀት፣ የውሃና የመብራት ውል ቁጥር። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ አንድ ወረቀት ፍለጋ ሐዘንተኛ ሆኜ ሦስት ሳምንት ሣጥን ስገለብጥ ከርሜአለሁ። ያን ድካም ለልጆቼ አላወርስም።

የይለፍ ቃልና የባንክ ምሥጢር ቁጥር ግን ደብተሩ ላይ አይጻፍም። ልጄም ደብተሩ ላይ አይጽፍም። እኔ በታሸገ ፖስታ አስቀምጬ የት እንዳለ ለሴት ልጄ ብቻ ነግሬያታለሁ።

የቤተሰቡን ፎቶዎችም ከስልኬ ላይ ልጄ በሌላ ዕቃ ገለበጠልኝ፤ ሌላ ቅጂ እህቱ ቤት አለ። በየበዓሉ ተሰብስበን ስንበላ አንዱን ከፍተን እናያለን። ልጆቹ የአያታቸውን ሠርግ እያዩ ይስቃሉ፤ እኔም ቅጂው እንደሚሠራ አረጋግጣለሁ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ልጆቻችሁ የሚሠሩትን ጠይቁ። ሥራቸው ከእኛ ሥራ ጋር አይመሳሰልም ብለን ራቅ ብለን ቆመናል። እኔ ነጭ ጋውን ለብሼ ሌሊት ሳድር ማንም "ሥራ የላትም" አላለኝም፤ ልጄ ግን በቲሸርት ያንኑ ሲያደርግ ሦስት ዓመት ሙሉ ወቀስኩት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት። "ተይ እማዬ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አሁንም ሌሊት ይነሣል። እኔም እንቅልፌ ቀላል ስለሆነ እነቃለሁ። በሩን ስከፍት "ተኛ" አልልም፤ ሻይ አቀብለውና "ምን ተገኘ?" እላለሁ። እሱም ይነግረኛል። ከመውጣቴ በፊት "ጻፍከው?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። ደብተሩን ያሳየኛል።

ሰላም ሁኑልኝ።